በጀታችን ጳጉሜንን ይቁጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየሁ ደንበኛ ነኝ። ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ቁጠባ የምታወጧቸውን ጽሑፎች አላልፋቸውም፤ ሥራዬም እዚያው ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የሠራተኛውን ፔይሮል፣ ማለትም የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

ምክራችሁ ይጠቅማል። ግን አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው። ምክሩ ሁልጊዜ የሚነሳው ከወር ነው። የወር ገቢ፣ የወር ወጪ፣ ከወሩ የሚተርፍ። ግማሹን ለመሠረታዊ ነገር፣ 30 በመቶውን ለፍላጎት፣ 20 በመቶውን ለቁጠባ የሚለው ቀመርም ያው ነው። የእኛን አገር ደሞዝተኛ ቤት የሚያናጋው ግን የዓመት ወጪ ነው። በወር ስንቆጥር «ይሄ ሁሉ ይተርፈናል» እንላለን። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የተረፈው የት እንደገባ አናውቅም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከደሞዝ በፊት ብር የቸገረው ሰው የሚሞላው ቅጽ አለ። ቅጹ የሚመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚቸገር አያለሁ። ደሞዙ አነስተኛ የሆነ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ይጠይቃል። ደሞዙ ስለማይበቃው ነው እንጂ ስላላወቀበት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው «በጀት ያዝ» ማለት ነውር ነው። የሚያስፈልገው ጭማሪ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እሱን አይመለከትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። መሐንዲሱ፣ የክፍል ኃላፊው፣ ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩበት ቤት። በወሩ መጨረሻ እጃቸው ላይ ብር የሚተርፋቸው ሰዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ቅጽ ነክቶ የማያውቅ ሰው መስከረም ሲገባ ብቅ ይላል። «ለዛሬ ብቻ ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው» ይለኛል። በሚቀጥለው መስከረምም ይመጣል። የወሰደው ጥቅምት ላይ ሲቆረጥበት ጥቅምትም ይጎድላል። ያን ለመሙላት ኅዳር ላይ ከዘመድ ይበደራል። እንዲህ እያለ ገና ይደርሳል።

ምክንያቱን ቀን መቁጠሪያው ላይ ታገኙታላችሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደሞዝ የሚከፈለው ለ12 ወር ነው። ጳጉሜን ደሞዝ የላትም። ነሐሴ 30 የተከፈለው ሰው ቀጣዩን የሚያገኘው መስከረም 30 ነው። መሀሉ 35 ቀን ነው። በ2019 ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን 36 ይሆናል። አንዳንድ ድርጅት ለበዓሉ ብሎ የነሐሴን ደሞዝ ቀደም አድርጎ ይከፍላል። ሐሳቡ በጎ ነው። ብሩ ግን ያው ነው፣ ቀኑ ነው የሚረዝመው።

በዚህ ረጅም ወር ውስጥ ደግሞ ምን ምን አለ? እንቁጣጣሽ አለ። መስቀል አለ። የትምህርት ቤት ምዝገባና የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ክፍያ አለ። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ቦርሳ፣ ጫማ አለ። የዓመቱ ከባድ ወጪ የሚያርፈው በዓመቱ ረጅም ወር ላይ ነው። በየዓመቱ እዚያው ቦታ ይመጣል። እኛ ግን በየዓመቱ ዱብ ዕዳ እንለዋለን።

እንዴት እንደሚቆጠር በራሴ ቤት ቁጥር ላሳያችሁ። ባለቤቴንም አስፈቅጃለሁ።

የእኔ ደሞዝ በወረቀት 32,000 ብር ነው። የሥራ ግብር 9,150 ብር ይቆረጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 2,240 ብር ነው። እጄ የሚገባው 20,610 ብር ነው። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ በቋሚነት ተቀጥሮ የሚሠራ መካኒክ ነው። የእሱ 28,000 ሲሆን ግብሩና ጡረታው ሄዶ 18,290 ይቀረዋል። ሁለቱ ሲደመር 38,900 ብር ነው። ብዙ ባለትዳሮች ሲያወሩ የምሰማው ስለ ጥቅል ደሞዛቸው ነው። «60 ሺህ ብር የሚገባበት ቤት ነው» ይላሉ። ስልሳው ሺህ እጃቸው ገብቶ አያውቅም። እባካችሁ ባልና ሚስት የደሞዝ ወረቀታችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ደምሩ።

ወጪያችን እንዲህ ነው። ለቤት ኪራይ 13,000 ብር። ለአስቤዛ 10,500። ለትራንስፖርት 2,600። ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለስልክና ለኢንተርኔት 1,500። ለእድር 200። ለእናቴ በየወሩ 1,500 እልካለሁ፤ እሱ እንደ ኪራይ የሚቆጠር ነው፣ አይነካም። ድምሩ 29,300 ብር ይመጣል። ከ38,900 ላይ ስንቀንስ 9,600 ብር ይተርፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። 9,600 ብር በየወሩ የሚተርፈው ቤት ደህና ቤት ነው። ሶፋ ይቀየራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ውጭ ይበላል። ለአንድ ጓደኛ ብድር ይሰጣል።

አሁን ዓመቱን እንቁጠር። ልጃችን በግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። በሩብ ዓመት 6,500 ብር ነው፣ በዓመት 26,000። ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና መጻሕፍት 9,000። እንቁጣጣሽ 5,500፣ ገና 4,500፣ ፋሲካ 11,000፤ ፋሲካ የሚበዛው ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ስለምንገባ ነው። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ 8,000። ሰርግ መቼ እንደሚበዛ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ነው። ለሕክምና 5,000። ለቤተሰቡ ልብስና ጫማ 6,800። ለጳጉሜን አምስት ቀን አስቤዛና ትራንስፖርት 2,200። ድምሩ 78,000 ብር ነው። ለ12 ሲካፈል 6,500 ብር በወር ይመጣል።

እንግዲህ ከ9,600 ላይ 6,500 ቀንሱ። የሚቀረው 3,100 ብር ነው። የእኛ ቤት ትክክለኛ ትርፍ ይህ ነው። 6,500ው የእኛ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ነው፣ የበዓሉ ነው፣ የሐኪሙ ነው። ቀኑ ስላልደረሰ ብቻ እኛ ጋ ተቀምጧል።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለውን ብቻ ነጥለን እንየው። ምዝገባውና ዩኒፎርሙ 9,000፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 6,500፣ እንቁጣጣሽ 5,500፣ ጳጉሜን 2,200። 23,200 ብር ነው። በወር 9,600 የሚተርፈው ቤት ይህን ከአንድ ወር ደሞዝ ሊችል አይችልም። ከሁለት ወር ትርፉም በላይ ነው። እኔ ጠረጴዛ ፊት የሚቆመው መሐንዲስ አባካኝ አይደለም። ሒሳቡን ማንም ቀድሞ ያልነገረው ሰው ነው።

እኛ 6,500ዋን ብር የምናስቀምጣት ለብቻዋ ነው። ደሞዝ የሚገባልን አንድ ባንክ ነው፣ እሷ ያለችው ሌላ ባንክ ነው። ለዚያኛው ሒሳብ ኤቲኤም ካርድ አላወጣንም። ስልካችን ላይም አልጫንነውም። ብር ለማውጣት ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ ወረፋ መያዝ ይጠይቃል። ይህ አድካሚነቱ ነው የጠቀመን። ስልክ ላይ ያለ ብር በአንድ ጣት ይሄዳል። ደሞዝ በገባ ማግስት ባንኩ ራሱ በቋሚ ትዕዛዝ ያስተላልፈዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ፎርሙን አንድ ቀን ሄዶ መሙላት ነበር።

ለመጀመር የሚመቸው ከመስከረም ደሞዝ ጀምሮ ነው። ሦስት ወር ሲቀመጥ 19,500 ብር ይሆናል። ሁለተኛውን ሩብ ዓመትና ገናን አሳልፎ ትንሽ ይተርፋል። መሀል ላይ የሚጀምርም ሰው አይከፋውም። መጋቢት ላይ የጀመረ ሰው እስከ ነሐሴ የሚያጠራቅመው የዓመቱን ባይሸፍንለትም የመስከረሙን ጭንቅ ያቀልለታል።

የጾሙን ወቅት ደግሞ ልብ በሉት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እኛ ቤት ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት አይገዛም። ዘይትና አትክልት ይጨምራል። ቢሆንም አስቤዛው ይቀንሳል። የቀነሰው ብር በሌላ ነገር እንዳያልፍ በዚያው ሳምንት ወደ ዓመቱ ሒሳብ እንልከዋለን። የፋሲካ ቅርጫ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። እሷ የነገረችኝ ደግሞ የእነሱ ይከብዳል። ረመዳንና ኢድ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደሙ ስለሚመጡ በአንድ ወር ላይ አይቆሙም። ስለዚህ እሷ በየዓመቱ መስከረም ላይ ኢድ የት ወር ላይ እንደሚውል አይታ ነው የምትጽፈው።

ኪራይን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉን ያስመዘገበ ሰው ቢያንስ ይህቺን መስመር በእርግጠኝነት መጻፍ ይችላል። በአፍ ስምምነት የሚኖር ሰው ግን አከራዩ በፈለገ ቀን በጀቱ ይፈርሳል። ውል አስመዝግቡ።

አሁን ወደ 3,100ዋ ብር ልምጣ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የራሱ ሐሳብ አለው፣ የእኔን ልናገር።

2,000ው እቁብ ይገባል። 18 ሰው ነን፣ ወርኃዊ ነው፣ ዕጣው 36,000 ብር ነው። እቁብን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ያፍራል። ለባንክ ሳይከፍል የሚያልፍ ሰው የእቁቡን ዳኛ ፊት ለፊት አይቶ ግን አይዘልም። ችግሩ ያለው ዕጣው ላይ ነው። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው። መጨረሻ የሚወጣለት ሰው ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሲያበድር ቆይቶ ዋጋው የቀነሰ ብር ይወስዳል። ይህ ቀላል አይደለም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ያኔ እቁብ ሲጥል ቆይቶ መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው ሊገዛ ያሰበውን ፍሪጅ በዚያ ብር አላገኘም። ስለዚህ እቁብ የምትገቡ ሰዎች የሰውን ቁጥር ቀንሱ። 10 ወይም 12 ሰው ይበቃል። እኛም በሚቀጥለው ዙር እንደዚያ እናደርጋለን። ዕጣው ሲወጣ ምን እንደሚገዛበት ደግሞ ቀድሞ ይጻፍ። ካልተጻፈ ብሩ ከመጣ በኋላ የሚሻው ብዙ ነው።

1,100ው ብር መሥሪያ ቤታችን ወዳለው የቁጠባና ብድር ማኅበር ይገባል። ይህ ለክፉ ቀን ነው። አንድ ወር ሙሉ ደሞዝ ቢቀር ቤታችንን የሚያኖር ብር እስኪሞላ ድረስ አይነካም። 29,300 ብር ለመሙላት ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። ይፍጅ።

የዚህ 1,100 ብር አመጣጥ ግን ለሌላውም ሰው ስለሚጠቅም ልንገራችሁ። ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሏል። ግብር የማይነካው ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከፍተኛው የ35 በመቶ እርከን የሚጀምርበትም ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ሄደ። ደሞዙ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በዚያ ማሻሻያ በየወሩ 550 ብር አትርፏል። 15,000 ይከፈለው፣ 80,000 ይከፈለው፣ 550 ብር ነው። ፔይሮሉን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ የሰውን ፊት አይቻለሁ። አንዳንዱ ጭራሽ አላስተዋለም። ያስተዋለውም «ደስ ይላል» ብሎ አለፈ። ብሩ ከአስቤዛው ጋር ተቀላቀለ። እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያው ወር ሁለቱን 550 ደምረን ወደ ማኅበሩ አዞርናቸው። ሳንለምደው ስለወጣ አልጎደለብንም። የደሞዝ ጭማሪም፣ ቦነስም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲህ ነው መያዝ ያለበት። ከቤቱ ወጪ ጋር ከተዋወቀ በኋላ ማላቀቅ ከባድ ነው።

አክሲዮን ግዙ የሚሉኝ አሉ። ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን፣ በ9,900 ብር ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ገዝተዋል፤ አልተቃወምኩም። ግን ከመካከላቸው ለዚያ ብር መስከረም ላይ የሚፈልጉትን የትምህርት ቤት ክፍያ ያዋሉ ነበሩ። አክሲዮን በፈለጉት ቀን ወደ ብር አይመለስም። የክፉ ቀን ብር የሞላለት ሰው ይግዛ። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ ዋጋ ከዚያ በላይ ሲሮጥ ብር ባንክ ውስጥ ይቀልጣል የሚለው ክርክርም እውነት ነው። ለዓመቱ ሒሳብ ግን አይሠራም። በዓመቱ ውስጥ ወጥቶ የሚያልቅ ብር ነው። ሥራው በቀኑ መገኘት ነው።

ይህ ሁሉ የቤተሰብ ድርሻ ነው። የሌሎችም ድርሻ አለ፤ ደብዳቤውን ለጋዜጣ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

አንደኛ ለግል ትምህርት ቤቶች። ወላጅ የሚከፈለው በወር ነው። እናንተ በሩብ ዓመት፣ አንዳንዶቻችሁም በግማሽ ዓመት፣ ቅድሚያ ትጠይቃላችሁ። የመምህራኑን ደሞዝ የምትከፍሉት ግን በወር ነው። ወላጅ በ12 እኩል ወር እንዲከፍል ብትፈቅዱ የምታጡት ጥቂት ነው፤ መስከረም ላይ የሚበደር ቤት ግን ይቀንሳል። ባይሆን ምዝገባውን እንኳ ከመጀመሪያው ክፍያ ለዩት። ምዝገባውን ግንቦት ላይ፣ ክፍያውን መስከረም ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ ለአሠሪዎች። መስከረም ላይ የደሞዝ ቅድሚያ መስጠት ደግነት ነው፣ ግን ችግሩን ወደ ጥቅምት መግፋት ነው። ከዚያ ይልቅ ለፈለገ ሠራተኛ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ የተወሰነ ብር ቆርጣችሁ በስሙ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስገቡለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ከደሞዙ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ ድምሩ ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ አይለፍ እንጂ። ፔይሮል ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው። ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። እኛ ድርጅት ውስጥ ሐሳቡን አቅርቤያለሁ፣ እየታየ ነው።

በመጨረሻም ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡን። የመጪውን ዓመት 12 ወርና ጳጉሜንን በሰንጠረዥ አውጡልን። በዓላቱን፣ ጾሞቹን፣ ኢዶቹን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚበዛባቸውን ወራት፣ የሰርግ ወቅቶችን በየቦታቸው አስቀምጡ። አጠገቡ ባዶ ዓምድ ይሁን። አንባቢው ቆርጦ ፍሪጁ ላይ ይለጥፈውና የራሱን ቁጥር ይሙላበት። ቁጥሩ ከቤት ቤት ስለሚለያይ እናንተ አትሙሉት። ከተቻለ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይውጣ፤ የነሐሴ ደሞዝ ከመድረሱ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ጊዜ ይኖራቸዋል። ሰንጠረዡን ለማዘጋጀት ሰው ካጠራችሁ እኔ በነፃ እሠራላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የደሞዝ ሒሳብ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ